ቁም የማለት መብት

ገልባጩ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ወደ መሠረቱ ቁፋሮ ጠርዝ እየተጠጋ ነው። ረዳቱ ከኋላ ጎማው ጎን እየተራመደ «ና! ና! ግራ ስበረው! ና!» ይላል። ልክ ሲደርስ የመኪናውን ሳጥን በመዳፉ ሁለቴ መታው፤ ቁም ማለቱ ነው። ሾፌሩ ሰማና ፍሬን ያዘ። ኤክስካቫተሩ ዞሮ የመጀመሪያውን ባኬት አፈር ሳጥኑ ውስጥ ዘረገፈ። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ጩኸትና ይህን የመዳፍ ድምፅ ከነቅደም ተከተሉ ያውቀዋል።

ለተመልካች ሁሉም ነገር በደህና ያለቀ ይመስላል። ረዳቱ የቆመበትን ቦታ ግን ልብ ብለን እንየው። ሳጥኑን በመዳፉ ለመምታት ከመኪናው አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት ላይ መሆን ነበረበት። ከፊቱ የሚንከባለል ጎማ፣ ከጀርባው ጥልቅ ቁፋሮ ነው። ሾፌሩ በስፖኪዮ አያየውም፤ ሊሰማው የሚችለው ብቻ ነው። ሚክሰሩ እየዞረ፣ ኤክስካቫተሩ እያጓራ፣ ያ የመዳፍ ድምፅ አንድ ቀን ባይሰማ ረዳቱ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ጭነቱን ይዞ ከ30 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና የሚቆመው በአንድ ወጣት መዳፍና በሾፌሩ ጆሮ ነው ማለት ነው።

በግንባታ ሳይት ላይ ስለ ከባድ ማሽን ደህንነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የኦፕሬተሩ ችሎታ ነው። ችሎታ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሳይቱን ደህና የሚያደርገው ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማሽኑን ማስቆም የሚችለው ማነው? ማስቆም ያለበት ሰውስ ደፍሮ ያስቆማል?

ኦፕሬተሩ የማያየው

በየሳይቱ የሚታየውን ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተር እንውሰድ። ጋቢናው በግራ በኩል ነው። መቆፈሪያ ክንዱ፣ በሙያው አጠራር ቡሙ፣ ከኦፕሬተሩ በስተቀኝ ይነሣል። ስለዚህ ቡሙ ፊቱ ላይ ባለ ጊዜ ሁሉ የማሽኑ ቀኝ ጎን ይሸፈንበታል። ከኋላው ደግሞ ሞተሩና ሚዛን የሚጠብቀው ከባድ ብረት አለ። በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ የቆመ ሰው ለኦፕሬተሩ እንደሌለ ነው። ስፖኪዮና ካሜራ ይረዳሉ፤ ስፖኪዮው አቧራ ከለበሰ ወይም ካሜራው ላይ ጭቃ ከተረጨ ግን እነሱም የሉም።

ኤክስካቫተር ባለበት ቆሞ ሲዞር ጀርባውም አብሮ ይዞራል። ሰው ዓይኑን የሚጥለው ባኬቱ ላይ ነው፤ የሚያደቅቀው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚመጣው ብረት ነው። ማሽኑ አጠገብ ግድግዳ፣ የብሎኬት ክምር ወይም የቆመ መኪና ካለ በመካከል የሚያልፍ ሠራተኛ መውጫ ያጣል። የእንግሊዝ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ በማሽኑ ጀርባና በአቅራቢያው ባለው ነገር መካከል ከግማሽ ሜትር የበለጠ ክፍተት እንዲኖር የሚያዘው ለዚህ ነው። ከዚያም በላይ፣ ማሽኑ የሚዞርበትን ክብ በሙሉ በገመድ ወይም በአጥር ከልሎ ሰው እንዳይገባበት ማድረግ ያስፈልጋል።

ሎደር የራሱ ችግር አለው። ባኬቱን ሞልቶ ከፍ አድርጎ ከሄደ ፊት ለፊቱን ራሱ ይጋርድበታል፤ ክብደቱ ወደ ላይ ስለወጣም ወጣ ገባ መሬት ላይ በቀላሉ ይገለበጣል። የሞላ ባኬት ወደ መሬት ዝቅ ተደርጎ ይጓዛል፤ ከፍ የሚለው ሊደፋ ሲል ብቻ ነው።

ፍጥነቱንም እናስላ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሎደር ለሚያየው ሰው ዝግ ያለ ነው። ይህ ግን በሰከንድ 2.8 ሜትር ያህል ነው። ኦፕሬተሩ ሰው አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት፣ ማሽኑ ፍሬን ገና ሳይይዝ ከ4 ሜትር በላይ ተጉዟል። ከኋላ ጎማው በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ጎንበስ ብሎ ሚስማር የሚለቅም ልጅ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

አደጋ ሲደርስ ሳይት ላይ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ለቅሶ ቤት ይህ ማጽናኛ ነው፤ ሐዘንተኛን ማጽናናትም ደግ ነው። ለፎርማኑ፣ ለተቋራጩና ለሳይት ኢንጂነሩ ግን መልስ ሊሆን አይችልም። ኦፕሬተሩ የት የት እንደማያይ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የታወቀ ነው። የታወቀን ነገር እድል ልንለው አንችልም።

ቁልፉ ከመዞሩ በፊት

ጥሩ ኦፕሬተር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ጋቢናው በቀጥታ አይወጣም። መጀመሪያ ማሽኑን ይዞራል። ከሥር ዘይት አንጠባጥቦ እንደሆነ መሬቱን ያያል። የሃይድሮሊክ ቱቦዎቹ ተልጠው ወይም አብጠው እንደሆነ በዓይኑ ይፈትሻል፤ የሚፈስ ሃይድሮሊክ በእጅ አይነካም፣ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባልና። የባኬቱን ፒኖች፣ የሰንሰለቱን ውጥረት ወይም የጎማውን ጉዳት ያያል። መስታወቱንና ስፖኪዮውን ይወለውላል። በዚያው ዙር ማታ ማሽኑ ሥር ተጠልሎ ያደረ ሰው ወይም እንስሳ አለመኖሩንም ያረጋግጣል።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ፊቱን አዙሮ ይወጣል፦ ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ ብረቱን እንደያዙ። ጭቃ በነካው ጫማ ዘሎ መውረድ የስንቱን ቁርጭምጭሚት እንደሰበረ ኦፕሬተሮች ራሳቸው ይናገራሉ። ተቀምጦ ቀበቶውን ያስራል። ማሽን ሲገለበጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ለመዝለል ሲሞክር ነው፤ ይዘላል፣ ጋቢናው ይወድቅበታል። ግልበጣን እንዲቋቋም የተሠራ ጋቢና ያለው ሮለር ወይም ሎደር ኦፕሬተሩን የሚያተርፈው በቀበቶ ታስሮ ውስጥ ከቀረ ብቻ ነው። ቀበቶው ተቆርጦ የተጣለ ወይም መቀመጫ ሥር የተወሸቀ ከሆነ ያ ጠንካራ ብረት ሁሉ ከንቱ ነው።

ኤክስካቫተር ጋቢና ውስጥ በግራ በኩል፣ መውጫው በር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ የሆነች አንዲት እጀታ አለች። እጀታዋ ስትነሣ ሃይድሮሊኩ ይቆለፋል፤ ሊቨር ቢነካም ቡሙ አይንቀሳቀስም። ፎርማኑ ከታች ይጠራል፤ ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ሊሰማው ይሞክራል። በዚያች ቅጽበት የጃኬቱ እጅጌ ሊቨሩን ቢገፋ ባለ 20 ቶኑ ማሽን ይዞራል፤ ፎርማኑ ያለው ደግሞ ከሥሩ ነው። እጀታዋን ለማንሣት አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ልምድ ያለው ኦፕሬተር ሰው ካነጋገረው፣ ስልኩ ከጠራ፣ ውኃ ሊጠጣ ካሰበ መጀመሪያ እሷን ያነሣል። አዲስ ሠልጣኝ ከሁሉ አስቀድሞ መልመድ ያለበት ይህን ነው።

ሥራ ሲያልቅም ሥርዓት አለው። ባኬቱ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ተንጠልጥሎ ያደረ ባኬት ቱቦ ቢፈነዳ የሚወርደው ከሥሩ ባለው ሰው ላይ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይነቀላል። ቁልፉ ማሽኑ ላይ ከቀረ «እስቲ ልሞክረው» የሚል ረዳት ወይም ጥበቃ አይጠፋም።

የባሬላው መንገድ

ሁለት ሴቶች ጠጠር የሞላ ባሬላ ተሸክመው ወደ ሚክሰሩ ይሄዳሉ። የፊተኛዋ መንገዱን ታያለች፤ የኋለኛዋ የምታየው የጓደኛዋን ጀርባ ነው። አራቱም እጆቻቸው ተይዘዋል። አንዷ ብትደነግጥ ሌላኛዋን ሳትጥል መዝለል አትችልም። መንገዳቸው የሎደሩን መንገድ ያቋርጣል፤ ሎደሩ አሸዋ ለማንሣት በየጥቂት ደቂቃው ወደ ኋላ ይመለሳል። «ያየናል» ብለው ያልፋሉ። ኦፕሬተሩ ደግሞ «ይጠነቀቃሉ» ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ወገን ጥንቃቄውን ለሌላው ጥሎታል።

የዚህ ሳይት ችግር የማንም ግድየለሽነት ሳይሆን የአሸዋው ክምር የተደፋበት ቦታ ነው። አሸዋውና ጠጠሩ ከሚክሰሩ በአንድ ወገን፣ የሎደሩ መመላለሻ በሌላ ወገን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መንገዶች አይገናኙም ነበር። የሳይት ደህንነት የሚጀምረው በወረቀት ላይ፣ የመጀመሪያው ገልባጭ ሳይገባ ነው፦ የሰው መግቢያ በር ከመኪና መግቢያ ይለያል፤ የእግር መንገድ ይከለላል፤ ቦታ ካለ መኪና በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ትልቁ ነው፤ ወደ ኋላ የማይሄድ መኪና ከኋላው ያለን ሰው አይገጭም።

የአዲስ አበባ ቦታ ጠባብ ነው፤ ብዙ ሳይት ላይ መኪና መዞሪያ የለውም። እንዲህ ሲሆን ምልክት ሰጪ ይቆማል። ምልክት ሰጪው ግን ሳጥን የሚደበድበው ረዳት አይደለም። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ፣ ሾፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው ቦታ ይቆማል። በድምፅ ሳይሆን በእጁ ያዝዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ሕግ አንድ ነው፦ ሾፌሩ ምልክት ሰጪውን ከስፖኪዮው ካጣው፣ ወዲያው ይቆማል። ጠፍቶ የት እንደሄደ አይገምትም።

የኋላ ማርሽ ማስጠንቀቂያ ድምፅም ምልክት ሰጪን አይተካም። አራትና አምስት ማሽን በአንድ ጊዜ ጢጥ ጢጥ በሚልበት ሳይት ጆሮ ይለምደዋል፤ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣም አይለይም። ማታ ጎረቤት ሲማረር ደግሞ ሽቦውን መንቀል ቀላሉ መፍትሔ ይሆናል። አንዳንድ አምራቾች በጢጥታ ፋንታ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ወደ መጠቀም የሄዱት አቅጣጫው በቀላሉ ስለሚለይና ሩቅ ሰፈር ስለማይረብሽ ነው።

ወደሚሠራ ማሽን መቅረብ ያለበት ሠራተኛ አንድ ነገር ይጠብቅ፦ ኦፕሬተሩ በዓይኑ አይቶት፣ ባኬቱን መሬት አስቀምጦ፣ እጆቹን ከሊቨሩ አንሥቶ ከፍ አድርጎ እስኪያሳየው። እጆቹ እስካልታዩ ድረስ አይቅረብ።

ጠርዝ፣ ዋልካና ሽቦ

በቦሌ፣ በአያትና በሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ያለውን ጥቁር አፈር፣ ዋልካውን፣ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በግንቦት ቀጥ ብሎ የቆመ የቁፋሮ ግድግዳ በሐምሌ አይታመንም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩልና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ደረቱ ላይ ያን ያህል የተጫነበት ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም መተንፈስ አይችልም።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ከ1.5 ሜትር በላይ ጠልቆ ሰው የሚገባበት ቁፋሮ፣ ጽኑ ዐለት ካልሆነ በቀር፣ ድጋፍ ወይም ተዳፋት እንዲኖረው፣ የወጣው አፈርም ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል። ይህ ለአፈር ክምር ነው። በሙሉ ጭነት ያለ ገልባጭ ከዚያም ብዙ ርቆ መቆም አለበት፤ ርቀቱም በቁፋሮው ጥልቀትና በአፈሩ ዓይነት ይወሰናል። ሾፌሩ ጠርዙን ከጋቢናው አያየውም። ስለዚህ ጠርዙን የሚነግረው መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር ይሁን፦ ወፍራም ግንድ ወይም ከፍ ያለ የአፈር ግርዶሽ ጎማውን የሚያስቆም።

ከላይ ደግሞ ሽቦ አለ። በየሰፈሩ የሚያልፈው የ15 ሺህና የ33 ሺህ ቮልት መስመር ብዙ ቦታ ራቁቱን ነው። የኤክስካቫተር ቡም፣ የክሬን ክንድ ወይም የተነሣ የገልባጭ ሳጥን ሽቦውን መንካት አይጠበቅበትም፤ በጣም መቅረቡ ይበቃል። በዚያው የአሜሪካ ደንብ እስከ 50 ሺህ ቮልት ላለው መስመር ትንሹ ርቀት 3 ሜትር ነው። ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ ለመብራት ኃይል አመልክቶ መስመሩን ማስጠፋት ወይም ማስነሣት ነው።

ሳይታሰብ ቢነካስ? ኦፕሬተሩ ጋቢናው ውስጥ ይቆይ፤ ከቻለ ቡሙን ከሽቦው ያርቅ። ከታች ያሉት ሁሉ ቢያንስ 10 ሜትር ይሽሹ፤ ማሽኑንም እሱንም ማንም አይንካ። እሳት ተነሥቶ የግድ መውጣት ካለበት ሁለት እግሩን ገጥሞ፣ ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ይዝለል፤ ከዚያም እግሮቹን ሳይለያይ በትንንሽ እርምጃ እየተንሸራተተ ይራቅ። ከሥሩ ያለው መሬት ራሱ ኃይል ተሸክሟልና፣ እግር ማራራቅ ኤሌክትሪኩን በሰውነት ውስጥ ማሳለፍ ነው። ሊያድነው ወደ ማሽኑ የሚሮጥ ጓደኛ ቀጣዩ ሟች ይሆናል።

ቢያጆና ሰዓት

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ለምን ይጣደፋል? መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በክፍያው ውስጥ ነው። ገልባጩ የሚከፈለው በቢያጆ ነው፤ ቶሎ ያልተመላለሰ ሾፌር ገቢው ይቀንሳል። ኤክስካቫተሩ የተከራየው በሰዓት ነው፤ አምስት ደቂቃ ሲቆም ፎርማኑ ሰዓቱን ያያል። የቀን ሠራተኛዋ የምትከፈለው በቀን ነው፤ ያጉረመረመች ነገ ላትጠራ ትችላለች። ከላይ እስከ ታች ያለው ሁሉ እንዳይቆም የሚገፋ ክፍያ ነው።

በዚህ ላይ የሌሊት ሥራ አለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ማሽኖችን ቀንና ሌሊት ከእግረኛ አጠገብ ያሠራ ሥራ ነው። ሌሊት መብራቱ ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ በኦፕሬተሩ ዓይን ትይዩ የተተከለ ፓውዛ ከጀርባው የቆመውን ሰው ያጠፋዋል። መብራት ከፍ ብሎ፣ ወደ ሥራው ቦታ አዘንብሎ፣ ከኦፕሬተሩ ፊት ፈንጠር ብሎ ይተከላል። ድካምንም መብራት አያርቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ የገደበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለቀን ፈረቃ የተቀጠረን ኦፕሬተር ሌሊቱን ቀጥል ማለት ሲያንቀላፋ 20 ቶን በእጁ ማስያዝ ነው።

የሥራ ተቋራጮች ይህን ማስተካከል ይችላሉ። ምልክት ሰጪ የለም ተብሎ የቆመ ማሽን የቆመበት ሰዓት ይከፈለው። ለሾፌሩ በቢያጆ ብቻ ሳይሆን በቀን ክፍያም ይታሰብለት። አማካሪ መሐንዲሱም ኮንክሪቱን እንደሚመረምር ሁሉ የሳይቱን መንገድ ይመርምር።

ማስቆም ያለባት ሴት

ባደጉ የግንባታ ሥርዓቶች የተጻፈ አንድ ሕግ አለ። የአሜሪካ የክሬን ደንብ ለኦፕሬተሩ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ምልክት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የማቆሚያ ምልክት ግን ከዚህ ውጭ ነው። የማቆሚያ ምልክትን ማንም ይስጠው ማን ኦፕሬተሩ መታዘዝ አለበት። ማንሣት፣ ማዞር፣ መቅረብ የባለሙያ ትእዛዝ ነው። ማቆም የሁሉም ነው።

ይህ በእኛ ሕግ ባዕድ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምርና መከላከያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነትም ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ እንዳለ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው የራቀ ሠራተኛ በዚህ ሳቢያ እንዳይጎዳ ያዝዛል።

የቀረው ሳይት ላይ የሚነገረው ነው። ከገጠር ከመጣች ሳምንት ያልሞላት የቀን ሠራተኛ እጇን አንሥታ ኤክስካቫተር ማስቆም እንደምትችል ማን ነገራት? ሰደርያና ሄልሜት ሲሰጣት አብሮ ይነገራት፦ «እህቴ፣ ሰው ማሽኑ አጠገብ ካየሽ ሁለት እጅሽን ከፍ አድርገሽ አወዛውዢ። ማሽኑ ይቆማል። ተሳስተሽ ብታስቆሚውም የሚቆጣሽ የለም።» ያን ምልክት በፊቷ አሳይተው እሷም እንድታሳይ ያድርጉ። ኦፕሬተሩም በቦታው ይኑርና «እሺ እህቴ፣ ካየሁሽ እቆማለሁ» ይበላት።

ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ማሽንም አያስፈልገውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እጇን ያለ በቂ ምክንያት ያነሣች ቀን፣ ማሽኑ ቆሞ ምንም አደጋ ሳይገኝ፣ ፎርማኑ ሳይቆጣ «ጥሩ አደረግሽ» ማለቱ። ያን ቀን ከተቆጣ ሳይቱ ላይ ያለ ሁሉ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ እጁን የሚያነሣ አይኖርም፣ አደጋው በእውነት የመጣ ቀንም።